ሲኒ፣ ጠጠርና ስንዝር፦ ሒሳብን ከልጆች ጋር ስለ መጫወት ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ አካባቢና ከላሊበላ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጠያቂዎቹ ኑሯቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ወይም ገና የጀመሩ ልጆችን በቤት ውስጥ ከሒሳብ ጋር እንዴት ማስተዋወቅ እንደሚቻል ለማወቅ የሚፈልጉ ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአንድ እስከ ሃምሳ ሳትሳሳት ትቆጥራለች፤ እንግዳ ሲመጣም እያስቆጠርን እናጨበጭብላታለን። ሰሞኑን ግን «አምስት ሲኒ አምጪልኝ» ብላት በሁለት እጇ የቻለችውን ያህል ይዛ መጣች። እስከ ሃምሳ የምትቆጥር ልጅ አምስት እንዴት ይጠፋታል? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጅዎ ምንም አልጎደላትም፤ እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም። የቁጥር ስሞችን በተርታ መጥራትና ቁጥር ብዛትን እንደሚናገር መረዳት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው እንደ መዝሙር በጆሮና በምላስ የሚያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ዕቃን በእጅ እየነኩ፣ እያነሡና እያስቀመጡ በብዙ ወራት የሚገኝ ነው። ሮቼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስትል የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራቸው እንዳስረዱት፣ አንድ ልጅ በትክክል ቆጠረ ለማለት ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፣ ስሞቹን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መጥራት፣ እንዲሁም በመጨረሻ የተጠራው ስም የጠቅላላውን ብዛት እንደሚናገር ማወቅ አለበት። ልጅዎ ገና እየደረሰችበት ያለችው ይህ የመጨረሻው ነው።

የደረሰችበትን ማወቅ ከፈለጉ አራት ሲኒ ደርድረው ያስቆጥሯትና፣ ስትጨርስ «እንግዲያው ስንት ሲኒ አለን?» ብለው ይጠይቋት። ወዲያው «አራት» ካለች ነገሩ እየገባት ነው፤ እንደገና ከአንድ ከጀመረች ግን «ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ «ቁጠሪ» ከሚለው ትእዛዝ ገና አልለየችውም ማለት ነው። ልጆች በአብዛኛው መጀመሪያ የአንድን፣ ከወራት በኋላ የሁለትን፣ ከዚያም የሦስትን ብዛት አጥብቀው ይይዛሉ። ስለዚህ ሃምሳን ለጊዜው ትተው በሦስት፣ በአራትና በአምስት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆዩ ይሻላል።

ለዚህ ከቡና ሥርዓታችን የተሻለ ቦታ አላውቅም። ባለፈው ወር እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ አራት ሰዎች ተቀምጠን ሳለ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ሲኒ እንድታድል ታዘዘች። ሦስት ሲኒ ይዛ መጣችና አንዱን በእኔ ፊት፣ አንዱን በአባቷ ፊት፣ አንዱን በጎረቤታችን ፊት ካስቀመጠች በኋላ አያቷ ዘንድ ስትደርስ እጇ ባዶ ሆነ። እናቷ «ተሳሳትሽ» አላለቻትም፤ ዝም ብላ ከሰሉን ታራግብ ነበር። ልጅቷ ባዶ እጇን አየች፣ ሲኒዎቹን አየች፣ «ለእማማ አንድ ቀረ» ብላ ወደ ረከቦቱ ተመለሰችና ያነሣችው አንድ ሲኒ ብቻ ነበር። ከዚያች ዝምታ የበለጠ ትምህርት በዚያ ቀን ሊሰጣት አይችልም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተቷን የነገራት ሰው ሳይሆን ሲኒው ራሱ ነውና።

እርስዎም ቡናው ከመቀዳቱ በፊት፣ ሲኒዎቹ ባዶና ቀዝቃዛ ሳሉ፣ ዕደላውን ለልጅዎ ይስጧት። «ስንት ሰው አለ? ስንት ሲኒ ይበቃናል?» ብለው ይጠይቋትና ራሷ ታምጣ፤ ጎረቤት ሲጨመር «አሁንስ?» ይበሏት። አቦል፣ ቶናና በረካም «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» የሚባለውን የተራ ቁጥር ለማስተማር የተመቹ ናቸው፤ ቶናው ሲቀዳ «ስንተኛው ላይ ደረስን? ስንት ቀረን?» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ በፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ አባት ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ያስጨንቀኝ ስለነበር ፍርሃቴን ለልጄ እንዳላወርሰው እሰጋለሁ። ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች ልግዛለት ወይስ አስጠኚ ልቅጠርለት? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሥጋትዎ መሠረት አለው፤ ሆኖም መፍትሔው ካርድም አስጠኚም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና በወላጆቻቸው ላይ ተደርጎ በታተመ ጥናት፣ ሒሳብን የሚፈሩ ወላጆች ያሏቸው ልጆች በዓመቱ ውስጥ ከሌሎቹ ያነሰ ሒሳብ እንደተማሩ ታይቷል፤ ይህ የታየው ግን ወላጆቹ የቤት ሥራን አዘውትረው በሚያግዙበት ጊዜ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው ፍርሃት በጭንቀት በተሞላ የቤት ሥራ በኩል ሊተላለፍ እንደሚችል ነው። ስለዚህ «እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር» የሚለውን ንግግር ልጅዎ ፊት ይተዉት፤ ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ ደብተር ከማስከፈት ይልቅ አብረውት መሬት ላይ ቁጭ ይበሉ።

መሬት ላይ ከሚጫወቷቸው መካከል እኔ የማስቀድመው ቀለቦሽን ነው። አምስት ጠጠር ይበቃል። አንዱ ወደ ላይ ሲወረወር የቀሩት አራቱ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ልጁ ሳያውቀው አራት ቁጥር በስንት መንገድ እንደሚከፈል በጣቶቹ እያጠና ነው፤ መደመርና መቀነስ የሚባሉትም በኋላ የሚመጡት ከዚህ ነው። እጁ ገና ጠጠር መቅለብ ካልቻለ አራቱን ጠጠሮች ያሳዩት፣ ጥቂቶቹን በመዳፍዎ ይሸፍኑና «ሁለት ይታያሉ፤ ስንት ተደበቁ?» ይበሉት። ተራ ሲደርሰው እርሱ ይደብቅብዎት፤ አልፎ አልፎም እርስዎ ተሳስተው ያርምዎት።

ሁለተኛው ጨዋታ በጥናት የተፈተነ ነው። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈባቸው ተከታታይ ሣጥኖች ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል ተጫውተው የቁጥር ዕውቀታቸው በግልጽ ተሻሽሏል፤ ሣጥኖቹ በቁጥር ፈንታ ቀለም ብቻ የነበራቸው ልጆች ግን ይህን ለውጥ አላሳዩም። ይህን ቤትዎ ለማድረግ እንደ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ወይም በከሰል አሥር ሣጥን በአንድ ረድፍ አሥምረው ቁጥሮቹን ይጻፉባቸው። የለስላሳ ቆርኪ እየወረወሩ በፊቱ ሲወድቅ አንድ፣ በጀርባው ሲወድቅ ሁለት ሣጥን መሄድ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይያዙ፦ ሦስት ላይ ያለ ልጅ ሁለት ሲደርሰው «አንድ፣ ሁለት» እያለ ሳይሆን «አራት፣ አምስት» እያለ፣ የረገጠውን ሣጥን ስም እየጠራ ይሂድ። የጨዋታው ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገበጣም እጅግ ጥሩ ነው። አጫዋወቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ለጀማሪ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ በእያንዳንዱ ሦስት ጠጠር ማኖር ይበቃዋል። ከማደሉ በፊት «የመጨረሻዋ ጠጠር የት የምታርፍ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት።

መልሱ ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም «እንዴት አወቅህ?» ይበሉት። ሲሳሳት ብቻ የሚጠየቅ ልጅ ጥያቄውን እንደ ቁጣ ይሰማዋል። በቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ ደግሞ ጠጠሩም ቆርኪውም ወደ አፉና ወደ አፍንጫው ሊገባ ስለሚችል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ተቆጥሮ ይሰብሰብ፤ እርሱም ራሱ ቆጠራ ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼን የማሳድግ አያት ነኝ፤ እናታቸው ዐረብ አገር ናት። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ፊደል አልቆጠርኩምና ለእነዚህ ልጆች ሒሳብ ምን ላሳያቸው እችላለሁ? (አያት፣ ከሐይቅ አካባቢ)

መልስ፦ እናታችን፣ እህል በጣሳ ሰፍረው፣ ጨርቅ በክንድ ለክተው፣ በገበያ ሒሳብ ተሳስበው የኖሩ ሰው ነዎት፤ ልጆቹ የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ነው። መደቡን በስንዝርዎ ይለኩና ስምንት ስንዝር ሆነ እንበል፤ ቀጥሎ የልጅ ልጅዎ በራሱ ስንዝር ይለካው፤ ምናልባት አሥራ አንድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ «መደቡ ረዘመ እንዴ?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ራሱ እስኪያገኘው ይታገሡት። እጁን በእጅዎ ላይ ገጥሞ ሲያየው፣ መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ እንደሚበዛ ይገባዋል፤ ይህን በቃል ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ውኃም እንዲሁ ነው። እኩል ውኃ ካለባቸው ሁለት ብርጭቆዎች አንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ዕቃ ቢገለብጡት፣ ትንሹ ልጅ ውኃው በዛ ሊል ይችላል። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ እንዳሳየው፣ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ድረስ ብዙ ልጆች እንዲህ ያስባሉና አይቆጡት፤ ወደ ነበረበት እየመለሱ ያሳዩት። እህል ሲሰፍሩም «ይህን ጣሳ ለመሙላት ስንት ሲኒ ይበቃል?» ብለው መጀመሪያ ያስገምቱትና ከዚያ ይሰፈር። ስፌት የሚሰፉ ከሆነ ደግሞ «ቀይ፣ ቀይ፣ ቢጫ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀጥሎስ?» ይበሉ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ጠዋት ከየኔታ ዘንድ የግእዝ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት ሌላውን ቁጥር ይማራል። አይምታታበትም ወይ? ደግሞም 3ን እና 7ን አዙሮ ይጽፋል። (እናት፣ ከላሊበላ)

መልስ፦ ቁጥርን አዙሮ መጻፍ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ስለሆነ አያሳስብዎት፤ በአሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ ይለማመድ። የግእዙ ቁጥር ደግሞ እንደ እኔ እምነት ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ፲፪ ሲጻፍ ፲ ለብቻው አሥር ነው፣ ፪ ለብቻው ሁለት ነው፤ አፋችንም «አሥራ ሁለት» ሲል ያንኑ ይናገራል። 12 ላይ ግን 1 አሥር መሆኑን የሚነግረን ቦታው ብቻ ስለሆነ ልጆች የሚቸገሩት እዚያ ላይ ነው። አሥር እንጨት በክር አሥረው «ይህ ፲ ነው» ይበሉት፤ ሁለት ነጠላ እንጨት አጠገቡ ሲያኖሩ ፲፪ም 12ም በአንድ ጊዜ በፊቱ ይሆናሉ።

በከተማችሁ ያሉትን አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መንገድ፣ በአንድ እስርና በአንድ ነጠላ እንጨት ያሳያችሁ። ቤተ ጊዮርጊስን ካየው በኋላ ደግሞ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ወረቀት ሁለት ጊዜ ለሁለት እጠፉና፣ አራቱ የወረቀቱ ጫፎች ከተገናኙበት ማዕዘን ላይ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትንሽ አራት ማዕዘን በመቀስ ቁረጡ። ከመዘርጋቱ በፊት ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚወጣ ይገምት። ሲዘረጋው ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል ያገኛል፤ ማዕዘኖቹን በጣቱ እየነካ ዙሪያውን ሲቆጥርም ወደ ውስጥ የታጠፉትን ጨምሮ አንድ እስርና ሁለት ነጠላ እንጨት ይሆኑለታል።