ሐረጎ ላይ የሚላላ ፍሬን

ጥያቄ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እህል የምጭንበት ፒክአፕ አለኝ፤ ከኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ንጣፍ ስፕሪንግ) አስጨምሬበታለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እየላላ ይገባል። ቀዳዳ ያለው ዲስክና ትልቅ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) ላስገባ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ብርዎን ለጊዜው ይያዙ። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ቢል ኖሮ ሸራውን እንጠረጥር ነበር፤ ሲግል የሚላላ ከሆነ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ሳይፈላ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። በዶት 4 ያስቀይሩ (አዲስ ሳለ 230፣ እርጥበት ከጠጣ 155)። ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ አየሩ ይውጣ፤ በየ2 ዓመቱም ይደገም። ሲሊኮኑን ዶት 5 እንዳይቀላቅሉ።

ባሌስትራው ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ፒክአፖች ሻንሲው ላይ፣ ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። የኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል፤ ሸክሙን ሁሉ የፊት ፍሬን ይችላል፣ ይግላል። በአዲሱ ከፍታ ልክ ያስተካክሉት። በኋላ ጎማ ታምቡርና በሸራው መካከል ያለው ርቀትም ይታይ።

ቀዳዳ ያለው ዲስክ ለጭነት አይሆንም፤ ሙቀት ሲደጋገምበት ከቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል። መስመር ያለው ይሻላል፣ ቀዳዳም መስመርም የሌለው ደህና ዲስክም ይበቃል። ትልቅ ካሊፐር ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ማስተሩ ካልተመጣጠነ ፔዳሉ ይረዝማል፤ ካሊፐሩ ቸርኬውንም ሊነካ ይችላል። ገንዘቡን ለከባድ ጭነት የተሠራ ሸራ ላይ ያውሉት። አዲሱን ሸራ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 ጊዜ እየቀነሱ ያላምዱት፤ እንደጋለ ግን ፔዳሉን ረግጠው አይቁሙ።

እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ስለሚወርዱ፣ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ይያዙት።