የሺአ ቅቤ በባህላዊ ዘዴ ሲወጣ፦ ጥያቄና መልስ

ሺአ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ስለሚገኘው የሺአ ቅቤ አወጣጥ ከድሬዳዋና ከሐረር የቀረቡ ጥያቄዎች እና የተሰጡባቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ ዛፉ በአገራችን ይገኛል?

መልስ፦ ይገኛል፤ ነገር ግን በምሥራቁ ሳይሆን በጋምቤላ ነው። በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ዩጋንዳም ይበቅላል። የጋና፣ የቡርኪና ፋሶና የማሊው ሌላ ንዑስ ዝርያ ነው።

ጥያቄ (ሐረር)፦ ፍሬው ተለቅሞ ቅቤ እስኪሆን ያለውን ሂደት ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። በስሎ የወደቀው ፍሬ ከዛፉ ሥር ይለቀምና ጣፋጩ ሥጋው ይበላል፤ የቀረው ፍሬ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያም ቅርፊቱ ተሰብሮ አስኳሉ ይወጣል። አስኳሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ይቆላል፣ በድንጋይ ወፍጮም ተፈጭቶ ቡናማ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ በእጅ ሲመቱት ቀስ በቀስ እየነጣ ይሄድና ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ የሂደቱ ሁሉ አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ ባለሙያዋ የሊጡን ሁኔታ በእጇ እየለካች ሞቅ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ትጨምራለች፤ ወተት ስንንጥ ሙቀቱን እንደምንጠብቀው ማለት ነው። የተንሳፈፈው ስብ ተገፍፎ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ውሃው እስኪተንና ዝቃጩ እስኪለይ ድረስ እሳት ላይ ይነጠራል።

ጥያቄ (ሐረር)፦ የገዛሁት ቅቤ ጭስ ጭስ የሚለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፍሬው በፀሐይ ፋንታ በእሳት ጭስ ስለደረቀ ሊሆን ይችላል። ሳይቀቀል ተከምሮ የሰነበተ ፍሬ ደግሞ ማጎንቆል ይጀምራል፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞችም ስቡን እየሰባበሩ ያሻግቱታል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው አመታቱን ነው፤ እኔ ግን የቅቤው ጥራት የሚወሰነው ከዚያ አስቀድሞ፣ በቅቀላውና በማድረቁ ላይ ነው እላለሁ።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ ከፊራ ገበያ ይዤው ስሄድ ቀለጠ። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን?

መልስ፦ መቅለጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የምዕራብ አፍሪካው በሰውነት ሙቀት አካባቢ ይቀልጣል፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግን ኦሌይክ አሲድ (በቀላሉ የሚቀልጥ የቅባት ዓይነት) ስለሚበዛበት ለስላሳ ነው፣ በድሬ ሙቀት ፈሳሽ ቢሆን አያስገርምም። ያው ቅቤ ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነችው ሐረር ሊረጋ ይችላል። ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲረጋ ጠጠር ጠጠር ካለብዎ በለስላሳ እሳት ሙሉ በሙሉ አቅልጠው፣ እያማሰሉ በፍጥነት ያቀዝቅዙት።

ጥያቄ (ሐረር)፦ ችግኙን በጓሮዬ ብተክለው?

መልስ፦ አልመክርዎትም። ዛፉ የቆላ ሣር ምድር ዛፍ ነው፤ በተስማማው ቦታ እንኳ ፍሬ ለመስጠት 15 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።