«ታገሺ» ተብያለሁ፤ እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ባለቤቴ ጾም አይሽርም፣ ጽዋ ማኅበርም አለው። ግን ይመታኛል። ወጥ ሲያርር፣ ስልኩን ቶሎ ሳላነሳ ስቀር፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት። ሽማግሌዎች «ባል የሚስት ራስ ነው፣ ታገሺ» አሉኝ። ልጆቼን ይዤ ለጊዜው እኅቴ ቤት ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም። ይህን ሳታውቂ አንድ ሌሊት እንኳ እንድታድሪ ስለማልፈልግ አስቀደምኩት።

ሽማግሌዎቹ የጠቀሱት ቃል ኤፌሶን 5፥23 ላይ አለ። ግን እዚያው ላይ ቆሙ። ትንሽ ዝቅ ቢሉ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ ታዘዋል፤ ያውም ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ወዶ ስለ እርስዋ ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ። ክርስቶስ ራስ የሆነው እየሞተላት ነው። እሷ በደለች፣ እሱ ቆሰለ። ሐዋርያው ከዚህ የተለየ ራስነት አላስተማረም።

«እርሱም ገዥሽ ይሆናል» የሚለውን ዘፍጥረት 3፥16 የሚያነሱም አሉ። ይህ ከውድቀት በኋላ የመጣ ጉዳት ነው። እሾህና አሜከላም እዚያው ምዕራፍ ላይ አሉ። ታዲያ ማሳው ላይ እሾህ ሲበቅል «ፈቃደ እግዚአብሔር ነው» ብሎ የሚተወው ገበሬ ማን ነው? ይነቅለዋል እንጂ።

ስለ ጾሙም ልንገርሽ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ የሚጾሙትን ሰዎች ሲገሥጽ «በግፍም ጡጫ ትማታላችሁ» ይላል። ቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ያዘዘው ጸሎታቸው እንዳይከለከል ነው። የሚማታ ባል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ምን ዋጋ አለው? ዮሐንስ አፈወርቅም የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉም ሚስቱን የሚመታ ሰው የሚያዋርደው ራሱን እንደሆነ አስተምሯል። የሚስት ጥፋት ምንም ይሁን ምን ለዱላ ምክንያት እንደማይሆን ከነገረን ከ1600 ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ግን ዛሬም «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» እንላለን። ይህ ተረት እንጂ ቃለ እግዚአብሔር አይደለም፤ ክፉ ተረት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ መጣች። ነጠላዋን ግራ ዓይኗ ድረስ ስባ ነበር። አላስገለጥኳትም። «ታገሺ ልጄ፣ ጸልዪ» ብዬ ሰደድኳት። በወሩ ክንዷ በጀሶ ታስሮ አየኋት። ትንሹ ልጇ ቀሚሷን ይዞ፣ ወንድ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ከኋላዋ ይደበቅ ነበር። ትዕግሥት ብዬ የሰጠኋት ቃል ለዱላው ሽፋን ሆነ። እስካሁን ይቆረቁረኛል። ትዕግሥት ሌላ፣ ግፍን መሸፈን ሌላ።

ቃል ኪዳኑን በተመለከተ፣ መለየትና መፋታት አንድ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥11 ላይ ሚስት ብትለይ ሳታገባ እንድትኖር ወይም ከባልዋ እንድትታረቅ ይላል። እኅትሽ ቤት መሄድ ቃል ኪዳን ማፍረስ አይደለም። ያፈረሰውስ እጁን ያነሳው ነው። እርቁም ቢሆን እሱ ንስሐ ገብቶ፣ መማታቱን በእውነት ትቶ፣ ይህም በጊዜ ሲታይ ነው። አበባ ይዞ በማግስቱ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ንስሐ አይባልም።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ድብደባን ወንጀል አድርጎታል። ፖሊስ ጋ መሄድ «የቤት ገመና ማውጣት» አይደለም። ከተመታሽ ሐኪም ቤት ሄደሽ ማስረጃ ያዢ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ይህን መልስ ስልክሽ ላይ አታስቀሪው። የጋብቻ ወረቀትሽን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ መታወቂያሽንና ጥቂት ልብስ ከወዲሁ እኅትሽ ዘንድ አድርጊ። የምትሄጂበትን ቀን አትንገሪው። ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪያቸው፤ እሱን የሚያነጋግሩት ግን አንቺና ልጆቹ ከቤት ከወጣችሁ በኋላ ይሁን።