«ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ»፦ ስለ አይርላንዱ ባለሱቅ ሴናተር ጥያቄና መልስ

በ2008 የአይርላንድ ባንኮች ሲንኮታኮቱ ደብሊን ውስጥ የሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው ሲጠፋ ጊዜ ተረፈኝና የፓርላማውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ጀመርኩ፤ ልማዱ ዛሬም አልለቀቀኝም። ስለዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ማገገሚያና የሕግ ማሻሻያ ክርክር፣ በተለይም ደጋግሜ ስለማነሳቸው ስለ ሴናተር ፌርጋል ክዊን ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ እዚሁ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ እስቲ ከሥሩ ይጀምሩልን። አይርላንድ ምን ነበር የደረሰባት?

ባንኮቹ ከውጭ እየተበደሩ ለመሬትና ለቤት አበደሩ። የቤት ዋጋ ሲወርድ ብድሩ ተይዞ ቀረ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2008 ማለዳ መንግሥት የባንኮቹን ዕዳ ዋስ ሆኜ እከፍላለሁ አለ። ዋስትናው ወደ 440 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ዕዳ ይሸፍን ነበር፤ የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ደግሞ 200 ቢሊዮን እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ምክር ቤቶች ሌሊቱን ተቀምጠው ሕጉን አጸደቁት። ከዚያማ ዋሱ ራሱ ዋስ ፈላጊ ሆነ፦ በኖቬምበር 2010 አይርላንድ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የ85 ቢሊዮን ዩሮ ስምምነት ውስጥ ገባች። የሚገርመው ከዚህ ውስጥ 17.5 ቢሊዮኑ ከራሷ ኪስ የወጣ መሆኑ ነው፤ ለጡረታ ብላ ያስቀመጠችው ጥሪት ጭምር። የታችኛው ምክር ቤት፣ ዶል የሚባለው፣ ስምምነቱን 81 ለ75 በሆነ ድምፅ ተቀበለ። ሥራ አጥነት በ2012 መጀመሪያ ላይ 15 በመቶ ደረሰ። ከብድር ፕሮግራሙ የወጡት በዲሴምበር 2013 ነው።

ያን ሁሉ የተሸከሙት የገንዘብ ሚኒስትሮቹ ብራያን ሌኒሃንና ማይክል ኑናን ናቸው። እርስዎ ለምን አንድ የላይኛው ምክር ቤት አባል ላይ ሙጭጭ አሉ?

ሌኒሃንንም አንብቤአለሁ፤ አዝኜላቸውማለሁ፤ ካንሰር እንዳለባቸው እያወቁ ሥራቸውን ሳይለቁ ቆይተው በ2011 አረፉ። ነገር ግን የትላልቆቹ ንግግሮች ችግር አለባቸው። በዲሴምበር 2009 የበጀት ንግግራቸው ክፉውን መታጠፊያ አልፈናል አሉ፤ ዓመት ሳይሞላ አበዳሪዎቹ ደብሊን ገቡ። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 2008 በጀት ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆኑ ሁሉ በነጻ ይሰጥ የነበረውን የሕክምና ካርድ ሊነጥቁ ሞከሩ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከፓርላማው ደጅ በሺዎች ተሰለፉ። ምርኩዝ ይዘው የወጡትን ሰዎች ያየ ሚኒስትር ሁሉ ደነገጠ፤ ውሳኔውም በአብዛኛው ተቀለበሰ።

የዚያ ዘመን ሕግ በብዛት በድንጋጤ የተጻፈ ነው። ክዊንን የመረጥኳቸው ከዚያ ወጀብ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጉዳይ ይዘው ለዓመታት ስላልለቀቁ ነው። ጉዳዩ የእኔም ስለነበረ ነው ብትሉኝም አልክድም።

ሰውየው ማን ናቸው?

የሱፐርክዊን መደብሮች መሥራች። የመጀመሪያውን ሱቅ በ1960 በደንዶክ ከተማ ከፈቱ። ባለቤት ሆነው ሳለ ሒሳብ መክፈያው ጋ ቆመው የደንበኛ ዕቃ በከረጢት ይከቱ ነበር። እናቶች «ልጆቻችን እዚህ ስንሰለፍ እያለቀሱ ያስቸግሩናል» ስላሉ ከረሜላውን ከመክፈያው አጠገብ ያስነሱ ሰው ናቸው። ከ1993 እስከ 2016 በላይኛው ምክር ቤት በሻናድ ተቀምጠዋል፤ ፓርቲ አልነበራቸውም፤ የመረጧቸው የአይርላንድ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። በ2019 በ82 ዓመታቸው አረፉ።

ምሩቃን ሴናተር ይመርጣሉ? ይህ ሻናድ የሚባለው ከእኛ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር ይመሳሰላል?

በስም ካልሆነ በቀር አይመሳሰልም። የእኛው ሕገ መንግሥት ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም። ሻናድ ሕግ ያመነጫል፣ ያሻሽላል፣ ዶል ያሳለፈውን ቢበዛ ለ90 ቀን ያዘገያል። 60 አባላት አሉት፤ 6ቱን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ 11ዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የቀሩትን 43 በዋናነት የምክር ቤት አባላትና የአካባቢ ተመራጮች ይመርጧቸዋል። የገንዘብ ሕግ ግን ከሻናድ ሊመነጭ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሴናተር ኢኮኖሚውን ልርዳ ቢል ግብርና በጀት ሳይነካ የሚሠራ መሣሪያ መፈለግ አለበት። ክዊን ያገኙት መሣሪያ የክፍያ ሥርዓት ነው።

እሱን በደንብ ያብራሩልን። ረቂቁ ምን ይል ነበር?

በመጀመሪያ በሽታውን ልንገራችሁ። አንድ ሆቴል ይሠራል እንበል። ባለቤቱ ለዋናው ተቋራጭ ይከፍላል፣ ዋናው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጩ፣ ንዑስ ተቋራጩ ለእኔ ቢጤው። ውሉ ላይ አንዲት መስመር ትገባለች፦ ከላይ ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ። ሥራ በሞላበት ጊዜ ማንም አያነባትም። ባንኩ ለባለቤቱ ብድር ያቆመ ዕለት ግን ያቺ መስመር ትነቃለች። ዋናው ተቋራጭ እጁን ያጣጥፋል፤ ሕጉም ውሉም ከእሱ ጋር ነው። ሲሚንቶውን፣ ቧንቧውን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ከራሱ ኪስ የከፈለው ትንሹ ሰው ነው። እንዲያውም ገንዘቡ ከላይ ደርሶም «ገና አልተከፈለኝም» የሚል አይጠፋም፤ ማን ሄዶ ያጣራል? ፍርድ ቤት ልሂድ ብትል ጠበቃው ከዕዳው ይበልጣል፤ ቀጠሮው ሲደርስ አንተ ዘግተሃል።

ክዊን በ2010 የግንባታ ውሎች ረቂቅ ሕግን በግላቸው ለሻናድ አቀረቡ። ብሪታንያ በ1996፣ ኒውዚላንድ በ2002 ተመሳሳይ ሕግ አውጥተው ስለነበር ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር አይርላንድ ውስጥ ጨክኖ የሚገፋው መገኘቱ ነው። በመጨረሻ ሕግ ሆኖ የወጣው እንዲህ ይላል። «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለው የውል ቃል ከኪሳራ ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች በስተቀር አይሠራም። የክፍያ ጥያቄ የደረሰው ሰው የሚቃወም ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ ምክንያቱንና አምናለሁ የሚለውን መጠን ጽፎ ይመልሳል፤ ዝም ማለት አይቻልም። ያልተከፈለው ሰው የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ማቆም ይችላል። ክርክር ከተነሳም ገለልተኛ ባለሙያ ጉዳዩ በተመራለት በ28 ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ውሳኔው በሌላ ዳኝነት እስኪሻር ድረስ ያስገድዳል። ባጭሩ መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ተከራከር ማለት ነው።

ከ10,000 ዩሮ በታች የሆነ ውል፣ እንዲሁም አንድ ሰው ራሱ ሊኖርበት የሚያሠራው ከ200 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቤት ከሕጉ ውጪ ናቸው። የመጀመሪያው አያስደስተኝም። የ8,000 ዩሮ ዕዳ ለትልቅ ድርጅት ምንም አይደለም፤ ለአንድ ሰው ግን የክረምት ማሞቂያና የልጅ ትምህርት ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አይደለም ወይ? ሕጉ መቼ ነው ሥራ ላይ የዋለው?

ነው፤ አላባብልም። ረቂቁ በ2010 ቀረበ፣ በማርች 2011 ከሻናድ አለፈ፣ በዚያው ሰሞን መንግሥት ተለወጠ፣ አዲሱ መንግሥት ሐሳቡን ተቀብሎ በብዙ ማሻሻያ አሳለፈው፣ በጁላይ 2013 ተፈረመ። ከዚያ ወሳኝ ባለሙያዎች እስኪመረጡና ደንቡ እስኪወጣ ሲባል ተግባራዊ የሆነው ከጁላይ 25 ቀን 2016 በኋላ በተፈረሙ ውሎች ላይ ብቻ ነው። የባንኮቹ ዋስትና በአንድ ሌሊት ነበር የጸደቀው፤ የቀለም ቀቢውና የቧንቧ ሠራተኛው ስድስት ዓመት ፈጀ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

የዘገየበት ምክንያት ሁሉ ክፋት ነው አልልም። መንግሥት ራሱ ትልቁ አሠሪ ነው፤ ሕጉ በመንገድና በሆስፒታል ውሎቹ ላይ ምን እንደሚያስከትል ማስላት ነበረበት። ግን ስድስት ዓመት?

ነጋዴ ፓርላማ ሲገባ ለነጋዴው ነው የሚሟገት። ክዊንስ ከዚህ ነጻ ነበሩ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ነጻ አልነበሩም፤ የገበያውን ነገር ከካዝናው ጀርባ ቆመው ነው የሚያዩት። የሕዝቡን ኪስ ግን አንዳንዴ ከኢኮኖሚ ባለሙያው ቀድሞ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዲሴምበር 1 ቀን 2008 የአይርላንድ መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ21 ወደ 21.5 በመቶ ከፍ አደረገ። በዚያው ዕለት ብሪታንያ ከ17.5 ወደ 15 ዝቅ አደረገች። ፓውንዱም ረክሷል፤ ድንበሩ ደግሞ ክፍት ነው። የገና ሰሞን ከደብሊን ወደ ኒውሪ የሚወስደው መንገድ በመኪና ሞላ፤ ሰዉ መጠጡንም የሕፃን ዳይፐሩንም በብሪታንያ ሥር ካለችው ሰሜን አይርላንድ ሸምቶ ይመለሳል። እኔም አንድ ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ነዳጅ ተዋጥተን ሄጃለሁ፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያየሁት ታርጋ ሁሉ የደብሊን ነበር። የተጨመረችው ግማሽ በመቶ በ2010 መጀመሪያ ተመልሳ ተቀነሰች። የደንዶክ ነጋዴ ግን ይህን ለማወቅ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ሱቁ ከድንበሩ አጠገብ ነው።

የክፍያ ሕጉን በተመለከተ ደግሞ ክዊን የሚያገኙት ጥቅም አልታየኝም። መደብሮቻቸውን በ2005 ሸጠው ወጥተዋል።

ሻናድን ራሱን ሊዘጉት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ ወጪ ለመቀነስና ፖለቲካውን ለማደስ ይዘጋ ብለው ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ። ክዊን ከሴናተር ካትሪን ዛፖኔ ጋር ሆነው አይዘጋ፣ ይታደስ የሚል ረቂቅ አቀረቡ። ኦክቶበር 4 ቀን 2013 ሕዝቡ 51.7 በመቶ በሆነ ድምፅ መዝጋቱን ውድቅ አደረገ። የግንባታ ውሎች ሕጉ የተፈረመው ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። እኔ ብሆን ከዘመቻው ፖስተር ሁሉ ያንን ሕግ አትሜ በየበሩ እለጥፍ ነበር። ተሐድሶው ግን እንደታሰበው አልሄደም፤ ሰዉ አድኖት ረሳው።

ቃለ ጉባኤውን እኛም ማንበብ እንችላለን?

ይቻላል። ከ1919 ጀምሮ ያለው በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተቀምጧል፣ በተናጋሪ ስም መፈለግም ይቻላል። ምክሬ፦ የረቂቁ ጠቅላላ ሐሳብ የሚነሳበትን የሁለተኛ ንባብ ክርክር ዝለሉና አንቀጽ በአንቀጽ የሚታይበትን የኮሚቴውን አንብቡ። እዚያ ንግግር የለም፤ «የሥራ ቀን» ወይስ «ቀን» ይባል እያሉ የሚሟገቱ ሰዎች ናቸው ያሉት። ገንዘብ የሚከፈልበትን ቀን የሚወስነው ያ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ካላስቀየምኩዎት። እርስዎስ ገንዘብዎን አገኙ?

አላገኘሁም፣ እህቴ። በ2009 የሦስት ፎቅ መታጠቢያ ቤቶች አንጥፌ ጨርሼ ነበር። ንዑስ ተቋራጩ ደግ ሰው ነበር፤ ስልኬን ሁልጊዜ ያነሳል፣ «ከላይ አልመጣም» ይለኛል፤ እውነቱን ነበር። በስድስተኛው ወር እሱም ዘጋ። ቀጥሎ ከሒሳብ አጣሪው ደብዳቤ ደረሰኝ። የገንዘብ ጠያቂዎች ዝርዝር አለው፣ ሁለት ገጽ። ላይኛው ባንኩ ነው፤ እኔ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከአሸዋ አቅራቢውና ከመኪና አከራዩ መካከል ነኝ፤ የአባቴ ስም በስህተት ተጽፏል፤ ከፊት ለፊቱ 3,140 ዩሮ ይላል። ደብዳቤው አሁንም ያው መሳቢያ ውስጥ ነው።