የሳምንቱ ሰማይ፦ ጨረቃ የጠፋችበት ሮብ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ሮብ ላይ ነው የሚያርፉት፣ እውነታችሁን ነው። ከሰኞ ኦገስት 10 እስከ እሑድ ኦገስት 16 ቀን 2026 (በኛ ነሐሴ 4 እስከ 10፣ 2018) ባለው ሳምንት፣ ሮብ ኦገስት 12 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፣ ከዓመቱ ምርጥ የተወርዋሪ ኮከብ ሌሊቶች አንዱ አለ፣ ቅዳሜ ደሞ ቬነስ ተራዋን ትይዛለች። ግርዶሹንና ተወርዋሪዎቹን አንድ ቀን ላይ ያገናኘችው ጨረቃ ናት፣ ያውም በዛ ሌሊት የማትታየው ጨረቃ። እሺ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ማድሪድ ነው። እዚህ ፀሐይዋ 99 ፐርሰንት ትሸፈናለች እያሉ ነው። ታዲያ ለአንድ ፐርሰንት ብዬ መንገድ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ ጀምሪ፣ ዛሬውኑ ቲኬት ቁረጪ። የጨረቃ ጥላ ከሰሜን ሩሲያ ጫፍ ይነሳና አርክቲክን አቋርጦ ግሪንላንድን፣ ከዛ የአይስላንድን ምዕራብ ዳር ነክቶ አትላንቲክን ተሻግሮ ስፔን ይገባል። ረጅሙ ጨለማ አይስላንድ አጠገብ ነው፣ 2 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 17:46 ገደማ። ስፔን ሲደርስ በሀገሩ ሰዓት 20:30 አካባቢ ይሆናል፣ ኦቪዬዶ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገደማ ያገኛል፣ ሊዮን፣ ቡርጎስ፣ ዛራጎዛ፣ ቫሌንሲያ ሁሉም ጥላው ውስጥ ናቸው፣ ማድሪድና ባርሴሎና ግን ለጥቂት አመለጣቸው፣ ያሳዝናል።

አሁን ወደዛች አንድ ፐርሰንት እንምጣ። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ገደማ ትደምቃለች፣ ስለዚህ አንድ ፐርሰንት ቀረ ማለት 4,000 ሙሉ ጨረቃ አሁንም ሰማይ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው፣ ኮሮና የምንለው ነጩ የፀሐይ ከባቢ ደሞ ሁሉም ተደምሮ ካንድ ሙሉ ጨረቃ ብዙም አይበልጥም፣ እና በምን አቅሙ ይታይ? ማድሪድ ሆነሽ ምታዪው ደብዘዝ ያለ ምሽት ነው። ጥላው ውስጥ ከገባሽ ግን የመጨረሻዋ ብርሃን በጨረቃ ተራሮች መሃል ባለ ሸለቆ አጮልቃ እንደ ቀለበት ፈርጥ ብልጭ ትልና ድርግም፣ ፀሐይ በነበረችበት ቦታ ጥቁር ክብ፣ ዙሪያውን እንደተበተነ ነጭ ፀጉር ኮሮናው፣ አድማሱ በየአቅጣጫው ብርቱካናማ፣ ቬነስ ደሞ በጠራራው ቁልጭ ብላ። አንድ ምክር ብቻ፣ ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ያለች ስለሆነች በምዕራብ በኩል ተራራም ህንፃም የሌለበት ቦታ ፈልጊ። ፓልማ ላይ ለምሳሌ ከአድማስ ከፍ የምትለው 2 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ያንድ አውራ ጣት ስፋት በይው።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ቤት ውስጥ የቆየ የራጅ ፊልም ስላለ በሱ ቢያዩ ችግር የለውም ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እናቴ፣ እባክዎ እንዳያደርጉት። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ የተደራረበ የፀሐይ መነፅር፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ማየት፣ አንዳቸውም አይሆኑም። ነገሩ ተንኮለኛ ነው፣ እነዚህ ነገሮች ስለሚያጨልሙ ዓይን ተታሎ ብሌኑን ይከፍታል፣ ጎጂው ጨረር ግን እያለፈ ይገባል፣ ሬቲና የሚባለው የዓይን ጀርባ ሽፋን ደሞ ህመም ሚባል አያውቅምና ልጁ እየተቃጠለ እንኳን አመመኝ አይልዎትም። አይኤስኦ 12312-2 የሚል የተፃፈበትን የግርዶሽ መነፅር ይግዙ፣ ሲያደርጉት የቤቱ መብራት እንኳን መታየት የለበትም፣ ከታየ ወይ ከተጫረ ይጣሉት። ያንን መነፅር አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይ በባይኖኩላር ማየት ደሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት መነፅሩን በሰከንድ ይበሳዋል። መነፅሩ ሚወልቀው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ፣ ለዛች ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከፊል ግርዶሽ ባለበት ቦታ ከሆኑ ጭራሽ አይወልቅም።

ለልጆቹ የኔ ምርጫ ግን ማጥለያ ነው። ቀዳዳው ተለቅ ተለቅ ያለውን ማጥለያ ይዘው ለፀሐይ ጀርባዎን ይስጡና ጥላውን መሬት ላይ ያሳዩዋቸው፣ እያንዳንዷ ቀዳዳ አንዳንድ የተገመጠች ፀሐይ ትጥላለች። ዛፍ ስር ከሆኑማ ማጥለያም አያስፈልግም፣ በቅጠሎቹ መሃል ያለው ክፍተት ሁሉ መሬቱን በትንንሽ ማጭድ ይሞላዋል፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፀሐይዋን ትቼ መሬት መሬት ሳይ ነው ያለቀው።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጨረቃ በየወሩ በኛና በፀሐይ መሃል ካለፈች ለምን በየወሩ ግርዶሽ የለም?

መልስ፦ ጎበዝ! የጨረቃ ምህዋር ከኛ ምህዋር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥላዋ ከኛ በላይ ወይ በታች ባዶ ህዋ ውስጥ ያልፋል፣ ሁለቱ ምህዋሮች የሚቋረጡበት ቦታ አካባቢ አዲስ ጨረቃ ስትሆን ብቻ ይገጥማል። አንዴ ከገጠመ ደሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ በወዲያኛው መቋረጫ የመድገም እድል አለ፣ ስለዚህ ኦገስት 28 ደሞ ጨረቃ ራሷ 93 ፐርሰንት ገደማ የኛ ጥላ ውስጥ ትገባለች። ለወረቀትህ ሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ የዘንድሮው ግርዶሽ ታላቅ ወንድም፣ ማለትም እሱን የሚመስለው ግርዶሽ፣ ኦገስት 1፣ 2008 አልፏል፣ ታናሹ ኦገስት 23፣ 2044 ይመጣል፣ በመሃል 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት። ያቺ 8 ሰዓት ናት ምድርን አንድ ሦስተኛ እያዞረች በየጊዜው ሌላ አገር ላይ ምትጥለው።

ጥያቄ፦ አምና ለተወርዋሪ ኮከብ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቴን ሰብሬ ሦስት ብቻ ነው ያየሁት። ዘንድሮስ?

መልስ፦ አምና ያጠፋሽው ነገር የለም፣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ሦስት ቀኗ ነበር፣ ሰማዩን አጥባው ነበር። ዘንድሮ ፐርሲድስ የሚባሉት የኦገስት ተወርዋሪዎች የሚደምቁት ከሮብ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ልክ ግርዶሹ ባለቀ ሌሊት ነው፣ ጨረቃም ከፀሐይ ጋር አብራ ጠልቃለች። ከከተማ መብራት ርቀሽ ከሆነ በሰዓት ሃምሳም ስልሳም ልታዪ ትችያለሽ፣ መቶ ሚባለው ለፍፁም ሰማይ የተሰላ ነው፣ አትመኚው። ከምድር ወገብ በጣም ወደ ደቡብ ላላችሁ ግን ትንሽ ነው ሚደርሳችሁ።

ተወርዋሪዎቹ ከየት መጡ ብትዪ፣ ስዊፍት-ተትል የሚባል በ1862 የተገኘ ጅራታም ኮከብ አለ፣ በ133 ዓመት አንዴ ነው ሚዞረው፣ መጨረሻ ያለፈው በ1992 ነው፣ እሱ ያራገፈው ትቢያ ውስጥ ነው ምድር ምትገባው። አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት ቢያክል ነው፣ ግን በሰከንድ 59 ኪሎሜትር ሲመጣ ያ ሁሉ ብርሃን ይወጣዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በተለይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ይበዛል፣ ያኔ ያለሽበት የምድር ጎን ወደፊት የሚሮጠው ጎን ስለሆነ፣ ዝናብ ውስጥ የሚሮጥ መኪና የፊት መስታወቱ ነው በደንብ ሚመታው። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ አንገትም አትስበሪ፣ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ። ስልክ ደሞ ኪስ ውስጥ! ዓይን ጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ አንዴ ጓደኛዬ "አነሳሁት አነሳሁት" ብሎ ስክሪኑን ፊቴ ላይ ሲደቅነው ግማሽ ሰዓቴን በላው፣ ፎቶው ላይ ደሞ ምንም አልነበረም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ በምዕራብ በኩል ምታበራው ምንድናት? ድሮን ናት ይሉኛል።

መልስ፦ ቬነስ ናት። ቅዳሜ ኦገስት 15 ከፀሐይ በጣም የምትርቅበት ቀን ነው፣ 46 ዲግሪ ገደማ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ካየሃት ልክ እንደ ግማሽ ጨረቃ ናት።

ጥያቄ፦ መንኩራኩሮችስ ግርዶሽ ይጠብቃሉ?

መልስ፦ አይጠብቁም፣ ራሳቸው ይሰሩታል። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ በዲሴምበር 2024 ያመጠቃቸው ሁለት የፕሮባ-3 ሳተላይቶች የተሰሩት 150 ሜትር ተራርቀው እንዲበሩና አንዱ ፀሐይን ሸፍኖ ሌላው ኮሮናውን እንዲያነሳ ነው። ፓርከር የሚባለው የናሳ መንኩራኩር ደሞ ሮብ ልደቱ ነው፣ የመጠቀው ኦገስት 12፣ 2018 ነበር፣ በዲሴምበር 24፣ 2024 ከፀሐይ 6.1 ሚሊዮን ኪሎሜትር ድረስ ተጠግቶ ኮሮናውን ሰንጥቆ አልፏል።

ጥያቄ፦ ስንት ብር አውጥቼ ሄጄ ደመና ቢሆንስ?

መልስ፦ ጨለማው አይቀርም፣ ደመናም ቢሆን ይመሻል፣ ኮሮናው ግን ያመልጥሃል። ስለዚህ መኪና ይኑርህ፣ ጠዋት ትንበያውን እያየህ ቦታ ቀይር። ካልሆነ ደሞ ኦገስት 2፣ 2027 ሌላ ሙሉ ግርዶሽ አለ፣ ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ።