የሩዝ ስብራት ከማሽኑ ነው ወይስ ከአጨዳው?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ፎገራ ነኝ። ሩዜን ሳስፈለፍል ግማሹ ተሰባብሮ ይወጣል። ያጨድኩት ደህና አድርጎ ደርቆ ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ነው? ከዚሁስ ለዘር ባስቀር?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፍሬውን እይ። 50 ፍሬ ያህል በእጅህ ላጥና ጨለማ ቤት ውስጥ የስልክህ መብራት ላይ አድርገህ ተመልከት። ወገቡ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየህ፣ ፍሬው መፈልፈያ ቤት ሳይደርስ ተሰንጥቋል። ማሽኑ የተሰነጠቀውን ለየው እንጂ ጥፋቱን አልጀመረውም። (ብዙዎቹ ፍሬዎች ደህና ከሆኑ ግን ባለማሽኑን መጠየቅ ትችላለህ።)

ነገሩ ያለው «ደህና አድርጎ ደርቆ» ካልከው ላይ ነው። ቆሞ የቆየ ሩዝ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሌሊት ጤዛ ይጠጣል። ውጪው ሲያብጥ ውስጡ ደረቅ ነውና ፍሬው መሳሳቡን አልችል ብሎ ይሰነጠቃል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ጤዛ በሚፈራረቅበት በኅዳር አንድ ሳምንት መዘግየት ቀላል አይደለም። መርገፉና ወፉ ሌላ ነው።

ቀኑን ከዘራህበት አትቁጠር። ግማሹ ማሳ ካበበ 30 ቀን ሲሞላው መመልከት ጀምር፤ ብርድ ካለ ከ40 ቀን በላይም ሊወስድ ስለሚችል ፍርዱን ለዘለላው ተው። ዳር ዳሩን ትተህ ከተለያየ ቦታ 10 ዘለላ ቁረጥ። ከ100 ፍሬ ከ80 እስከ 85 ያህሉ የገለባ ቀለም ይዞ፣ በዘለላው ግርጌ ጥቂት አረንጓዴ ብቻ ከቀረ እጨድ። እርጥበቱ ያኔ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሩዝ ከዘለላው ጫፍ ወደ ታች ስለሚበስል የግርጌውን አረንጓዴ ስትጠብቅ ቀድሞ የበሰለውን፣ ምርጡን ፍሬ ታሰነጥቀዋለህ። ቸኩለህ ካጨድክ ደግሞ ፍሬው ቀጫጫና ሆዱ ኖራ የመሰለ ይሆናል፤ እሱም ይደቃል።

ካጨድክ በኋላ እርጥብ ነዶ አትከምር። ክምሩ ይግላል፣ ሩዙ ቢጫ ይሆናል፣ የዘሩም ሕይወት ይሞታል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሸራ ላይ ውቃው። ስጡን ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አሳስተህ በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጥ፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከርር ሰብስበህ ሸፍነው፣ ፈጥኖ የደረቀም ይሰነጠቃልና። ለመፈልፈል ከ13 እስከ 14 በመቶ፣ ለዘር 12 በመቶ ይበቃል። መለኪያ ከሌለህ ደረቅ ጨውና ሩዝ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ዘግተህ ናጥ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው። ይህ ከ15 በመቶ በላይ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ለዘር ሲሆን ከዚያም በኋላ አድርቀው።

ከዘንድሮው ዘር አታስቀር። የተሰነጠቀ ፍሬ ሻጋታ በቀላሉ ይይዘዋል፣ ብቅለቱም ይደክማል። ለከርሞ ከማሳው ጥሩውን ጥግ ለይ፤ ባዕድ ዝርያውን ከአጨዳ በፊት ንቀል፤ በሰዓቱ አጭደህ ለብቻው ውቃ። አዲስ ዘር ለሳምንታት ስለሚተኛ ወዲያው ብትሞክረው ያታልልሃል፤ ከሁለት ወር በኋላ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ቁጠር። ከ80 በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ፈልግ።

የተሰነጠቀውን ሩዝህን ደግሞ ከነቅርፊቱ ዘፍዝፈህ፣ በእንፋሎት አብስለህ፣ ጥላ ላይ አድርቀህ አስፈልፍል። ቀለሙ ይጠቁራል፤ ስንጥቁ ግን ስለሚያያዝ ስብራቱ በጣም ይቀንሳል።