መልስ፦ በየፎልደሩ ያሉ ፎቶዎቼን መሰብሰብ ፈልጌ ነበር፤ ፓይተን ላይ ሊስትዲር የውስጥ ፎልደሮችን ፋይል ለምን አያወጣም?

ሊስትዲር (በአንድ ፎልደር ውስጥ ያለውን የሚዘረዝረው የፓይተን ትዕዛዝ) የላይኛውን ደረጃ ስሞች ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የፋሲል ግቢና የጥምቀት ፎቶዎችህ ያሉባቸው ፎልደሮች ውስጥ አይገባም። ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ የሚመጣውን ፓዝሊብ (በፋይልና በፎልደር አድራሻዎች የሚሠራ ላይብረሪ) ተጠቀም፤ የምትጭነው ነገር የለም።

1. ከፓዝሊብ ውስጥ ፓዝን ኢምፖርት አድርገህ የዋናውን ፎልደር አድራሻ ስጠው።
2. በዚያ ፓዝ ላይ አርግሎብን (የውስጥ ፎልደሮችንም ጭምር የሚፈልገውን ትዕዛዝ) ጥራ፤ ቅንፉ ውስጥ በጥቅስ ምልክት አንድ ኮከብ ብቻ አስገባ፤ ኮከቡ «ማንኛውም ስም» ማለት ነው።
3. በፎር ሉፕ እየዞርክ ኢዝ ፋይል (ፋይል መሆን አለመሆኑን የሚያጣራው) «እውነት» ያለውን ብቻ ያዝ። ይህን ከዘለልክ «ጥምቀት 2016» የሚለው ፎልደር ራሱ እንደ ፎቶ ይቆጠርብሃል።

ኮከቡ ላይ «.ጄፒጂ» ብለህ አትጨምር። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፤ ብዙ ካሜራ ደግሞ ቅጥያውን በትልቅ ፊደል ስለሚጽፍ እነዚያ ፎቶዎች ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ይቀራሉ። ይልቅ ሰፊክሱን (የፋይሉን ቅጥያ) ወስደህ፣ በሎወር ወደ ትንሽ ፊደል ቀይረህ በትንሽ ፊደል ከተጻፈው «.ጄፒጂ» ጋር አወዳድር።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ አርግሎብ ፋይሎቹን የሚያወጣው እየፈለገ እንጂ ባንዴ አይደለም። በሉፑ መሀል ፋይል ካዛወርክ ወይም ስሙን ከቀየርክ ያው ፋይል ሁለቴ ሊመጣ ወይም ሊዘለል ይችላል። መጀመሪያ ውጤቱን በሊስት ሰብስብ፣ ከዚያ ማዛወሩን ጀምር።